የቀዛፊዋ ሁለት መጨረሻ

ኅዳር 4

ጠዋት ሸሚዝ፣ ከሰዓት በኋላ መጋረጃ። የሆቴሉ አንሶላ ዛሬም አልመጣም። አለቃዬ ራሷን አሟት በጊዜ ወጣች፣ እኔም ላውንደሪውን በጊዜ ዘጋሁ። መጻሕፍት መደብሩ ገና ክፍት ነበር። ገባሁ። ገዛሁት።

ቤት ስገባ ሚጡ አየችውና ሳቀች። ሚጡ የምንላት የእህቴ የእትዬ ልጅ ናት። ስልክ ቤት ነው የምትሠራው፤ ዘፈንና ፊልም በሰው ስልክ ላይ ይጭናሉ።

«አክስቴ፣ ይሄ እኮ እኛ ጋ አለ! ገጽ በገጽ ፎቶ ተነስቶ። በነፃ እጭንልሽ ነበር።»

«ይሁን።»

«ምን ይሁን? ብር በዛብሽ?»

«ይሁን አልኩ እኮ።»

ምን ብዬ ላስረዳት? ማንበብ የተማርኩት ከቁርጥራጭ ነው። ኪስ ውስጥ የተረሳ ጋዜጣ፣ ኮት የተጠቀለለበት ወረቀት… ታሪኩ ሁልጊዜ መሀሉ ላይ ይቆረጣል። ልጅቷ በሩን ከፈተችና… አለቀ። የቀረው ግማሽ የሌላ ሰው ኮት ላይ ሄዷል። እየተኮስኩ ራሴ እጨርሰዋለሁ፣ ምን ላድርግ። እና መጀመሪያም መጨረሻም ያለው መጽሐፍ ሳገኝ ስስት ይይዘኛል።

ደግሞ የጻፈው ሰው ፎቶ ከኋላ አለ። ሽማግሌ። ኮሌታው አልተተኮሰም።

ለእትዬ ነው የገዛሁት። ስኳሩ ዓይኗን ከወሰደው ወዲህ የማነብላት እኔ ነኝ። ደብዳቤውን፣ የሐኪሙን ወረቀት፣ ሁሉንም።

ኅዳር 9

አልሆነም። ከሥራ ስመለስ ደክሞኝ ነው የምቀመጠው፣ መጽሐፉን እንደያዝኩ እንቅልፍ ይወስደኛል። እትዬ ተቆጣች። «ቀዛፊዋን ወንዝ መሀል ጥለሻት ታንኮራፊያለሽ!»

መጽሐፉ ስለ አንዲት ጀልባ ቀዛፊ ነው። ሰው ታሻግራለች፣ ከወዲህ ወደ ማዶ። ድልድይ ሊሠራ ነው፣ ሥራዋ ሊቀር ነው። እልኸኛ። እትዬን ቁርጥ።

ሚጡ መላ አመጣች። ምሳ ሰዓት ማሽኖቹ ይቆማሉ። ያኔ በስልኬ እየቀዳሁ ላነብ። እሷ ደግሞ ወደ ፍላሽ አዛውራ እትዬ አልጋ አጠገብ ያለችው ትንሽ ስፒከር ላይ ልትሰካላት። ቀን ቀን ብቻዋን ከምትውል ትስማ።

ከራስ ጋር ማውራት ይመስላል። መጀመሪያ አፈርኩ።

ኅዳር 12

«ድምፅሽ ውስጥ እንፋሎት አለ» አለችኝ እትዬ። ካውያው ሲተነፍስ ተቀድቷል። የበሩ ደወልም። አንዱ ደንበኛ ገብቶ «ነገ ይደርሳል» ያልኩትም ገብቷል።

«እኔማ ቀዛፊዋ ልብስ አጠባ የጀመረች መስሎኝ!»

ሳቅን። ስንት ጊዜ ሆነን እንዲህ ከሳቅን?

ኅዳር 19

እትዬ መርፌውን እንቢ አለች። አንድ ቀን ትወጋለች፣ አንድ ቀን ትተዋለች፣ ዛሬ ጭራሽ።

«ሐኪሙ ምን አለሽ?»

«ሐኪሙ ዓይኔን መለሰልኝ?»

መርፌውን መልሼ አስቀመጥኩት። እሷ ግን ቆይታ…

«ያን ጎርፍ ትሻገረው ይሆን?»

«ማን?»

«ቀዛፊዋ ነቻ! ወንዙ ሞልቶባት አይደል ያቆምሽው? እሷ ከተሻገረች እኔም እወጋለሁ። ካልተሻገረች ግን እንዳትነዘንዢኝ።»

እየቀለደች ነው። እየቀለደች ነው? ፊቷን አየሁት። የምትቀልድ አትመስልም።

ኅዳር 20

ምሳ ሰዓት ሳልቀዳ ቀድሜ መጨረሻውን አነበብኩት።

ሞተች።

 ተሳስቼ ነው ብዬ ደገምኩት። ሞታለች። መቅዘፊያው ይሰበራል፣ ውሃው ይወስዳታል፣ ጀልባዋ ባዶዋን ማዶ ትደርሳለች። ሰዎቹ ዳር ቆመው ያያሉ።

የማን ሸሚዝ እንደነበር እንጃ፣ ጀርባውን አቃጠልኩት።

ይሄን እንዴት አድርጌ አነብላታለሁ?

ኅዳር 21

አላነበብኩላትም።

ጎርፉ ድረስ ያለውን እንዳለ አነበብኩ። ከዚያ መጽሐፉን ዘጋሁት፣ ስልኩን አልዘጋሁም። ከአፌ አወጣሁት። መቅዘፊያው ሲሰበር የተቀመጠችበትን ሳንቃ ትነቅላለች። በሳንቃው ትቀዝፋለች። ማዶ ትደርሳለች። ጭቃው ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ትጨምቃለች። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። እንዲህ ነበርኩ እንዴ?

እትዬ ስትሰማ አጨበጨበች። «አውቄ ነበር! ጎርፍ ይችላታል?» ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበች። «በይ አምጪው መርፌውን።»

ተወጋች።

ኅዳር 28

ሳምንቱን ሙሉ መርፌ አልዘለለችም። ትበላለች። ትሳደባለች። ደህና ናት።

ታኅሣሥ 6



ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ነኝ። ሹፌሩ የሚያሰማውን ልብ አላልኩትም፣ ሰው ሲያወራ መሰለኝ። ከዚያ ደወል… የማውቀው ደወል። ከዚያ «ነገ ይደርሳል»፣ ለደንበኛ ሁሉ የምለው።

እኔ ነኝ! የኔ ድምፅ ነው! ወንበሩን ያዝኩ። ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ፣ ማንም አላየኝም። አንዲት ሴትዮ ከንፈሯን ነክሳ ታዳምጣለች። ከኋላ አንዱ «አሁን ነው መቅዘፊያው የሚሰበረው» ይላል፣ ሌላው «አትንገረን አንተ!» ይለዋል። ሹፌሩ ፌርማታ ላይ ሊቀንሰው ሲል ሴትዮዋ ጮኸችበት። «ተወው እንጂ!»

እና ያ መጨረሻ መጣ። ከአፌ የወጣው። ሳንቃው፣ ጭቃው፣ ፀጉሯ… ሰው «እሰይ» አለ። አውቶቡሱ ሙሉ።

መውረጃዬን አለፍኩት። የትኛው ጋ እንደወረድኩ አላውቅም።

ታኅሣሥ 7

ሚጡን ያዝኳት። አለቀሰች። «እኔ አልሰጠሁትም አክስቴ። ፍላሹን ሥራ ቦታ ነው የምሞላው። ኮምፒውተሩ ላይ ቀርቶ ነው። ኮፒ አግኝቶት…»

ኮፒ አለቃዋ ነው። ሰው ያወጣለት ስም ነው፣ እሱም ይወደዋል። ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። ጠባብ ቤት፣ ግድግዳው ሁሉ የስልክ ሽፋን።

«እናት! ኮከባችን መጣች! ወንበር ልቀቁላት!»

«ማን ፈቀደልህ?»

«ምኑን?»

«ድምፄን።»

«ድምፅሽን መች ሸጥኩ? ሰው የሚከፍለኝ ለመጫኛ ነው። ጉልበቴን ነው የምሸጠው። ድምፁ በነፃ ነው።»

«አጥፋው።»

ሳቀ። በክፋት አይደለም፣ እንዲያውም አዘነልኝ። «ከየት ላጥፋው እናት? የሰው ስልክ ሁሉ ልልቀም?»

«ሳትጠይቀኝ ነው የወሰድከው። ይሄ ስርቆት ነው።»

ቤቱ ውስጥ የነበሩት ዞር ዞር አሉ። ኮፒ ፊቱ ተለወጠ።

«እሺ። አንቺስ? ሰውዬውን ጠይቀሽ ነው መጽሐፉን የቀዳሽው?»

«ገዝቼዋለሁ!»

«ወረቀቱን ነዋ የገዛሽው።»

  ዞሬ ወጣሁ፣ በሩ ላይ ከአንዷ ጋር ተጋጨሁ፣ ይቅርታም አላልኩ።

ታኅሣሥ 8

ለእትዬ ነው ያነበብኩት። ለታመመች እህቴ። ያም ይጠየቃል እንዴ?

ግን እዚህ ስልክ ላይ ያለው ዘፈን ሁሉ ከኮፒ ነው። ሚጡ ስትጭንልኝ የዘፋኙ ነገር አንድ ቀን ትዝ ብሎኝ ያውቃል? የኔ ድምፅ ሲሆን ነው የደነገጥኩት…

ታኅሣሥ 15

መጣ። ራሱ።

ደወሉ ተደወለ፣ ቀና ሳልል «ሸሚዝ ነው ኮት?» አልኩ።

«መጽሐፍ ነው» አለ።

ፊቱን ሳይ አወቅኩት። ከፎቶው አርጅቷል። ካውያውን አስቀመጥኩ።

«አንቺ ነሽ። ድምፅሽ ነው» አለኝ። «የስልክ ቤቱ ሰው ላከኝ። ‹እኔ ጫኚ ነኝ፣ አንባቢዋን ጠይቅ› ብሎኝ።»

«ይቀመጡ» አልኩት። አልተቀመጠም።

«አሳታሚዬ ሁለተኛውን እትም ትቶታል። ሰው ሁሉ ሰምቶት ማን ይገዛል አለኝ። እሱስ ይሁን። ትናንት ባንክ ወረፋ ላይ አንዲት ሴት እጄን ያዘች። ‹እንኳን አልገደሏት፣ ቢገድሏት ኖሮ አልቅሼ እሞት ነበር› አለችኝ። ማንን ነው ያልገደልኩት? ልጅቷን ቀብሬአታለሁ እኮ! አሟሟቷን ሳስብ ስንት ጊዜ የፈጀሁባት ልጅ!» ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። «ለምን? ምን አደረግኩሽ?»

ነገርኩት። ስለ እትዬ፣ ስለ መርፌው፣ ስለ ሁሉም። እየሰማኝ ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ አንጠለጠለ። ራራልኝ ብዬ አሰብኩ።

«መጨረሻውን መስማት አልቻልኩም። በምን ተሻገረች?» አለ።

«በተቀመጠችበት ሳንቃ።»

«በምስማር የተመታ ነው እኮ።»

«ጀልባዋ አሮጌ ናት ብለዋል። ምስማሩ ዝጓል ብዬ ነው።»

«ይዛግ። በዚያ ጎርፍ ላይ ተነስታ ሳንቃ ስትነቅል ጀልባዋ አትገለበጥም? ጎርፍ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። የማውቀው ባኞ ነው። እንዲያ አልኩት፣ ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ ትንሽ ፊቱ ፈታ አለ። ወዲያው ተመለሰ።

«ገንዘብ አልጠይቅሽም። ከሳሽም አልሆንም። የኔን መጨረሻ አንብቢልኝ። እንዳለ። በዚሁ ድምፅ፣ ሌላ ሰው አያምኑም። ያ ሰውዬ ደግሞ ያኛውን በበተነበት መንገድ ይበትንልኝ።»

«እህቴ ትሰማዋለች።»

«የኔንስ ልጅ ማን ይሰማታል?»

ስልኩን ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጽፎልኝ ወጣ። እሱ ከሄደም በኋላ ደወሉ የሚደወል መሰለኝ።

ታኅሣሥ 17

ኮፒ ዓይኑ በራ። «ሁለተኛ መጨረሻ? እናት፣ ይሄማ ይፈለጋል! ዛሬውኑ አንብቢ!» በዚህ ሰው መናደድ እንኳ አልቻልኩም።

ሚጡ ግን ወደ ውጭ ጎተተችኝ። «አክስቴ፣ እንዳታደርጊው። እማዬ ከሰማች ትተወዋለች። መርፌውን። ሰውዬው ከሳሽ አልሆንም ካለ በቃ፣ ምን ያመጣል?»

ምን ያመጣል…

አንብቤ ለእትዬ ባላሰማትስ? ግን አውቶቡስ ላይ ይሄዳል። ጎረቤታችን ታይፒስቷ ግድግዳ ተሻግሮ እስኪሰማ ነው የምትከፍተው። ከሌላ አፍ ከምትሰማው…

ደግሞ ያ ሽማግሌ። «ምን አደረግኩሽ» ያለኝ።

ታኅሣሥ 20

ነገርኳት።

«ሞታለች?» አለች።

«አዎ እትዬ።»

«መቼ?»

«መጀመሪያውኑ። መጽሐፉ ላይ ሞታለች። እኔ ነኝ…»

ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ብርድ ልብሱን ታሻሻለች።

«የሐኪሙ ወረቀትስ?»

አልገባኝም።

«ኩላሊትሽ ደህና ነው ብለሽ ያነበብሽልኝ። ከወረቀቱ ነው ከአፍሽ?»

 ይሄ ሐሳቤም አልነበረም። ስለ ቀዛፊዋ ትቆጣለች፣ መርፌውን ትተዋለች፣ ይሄን ነበር የፈራሁት።

«ከወረቀቱ ነው! እውነቴን ነው እትዬ! እንዳለ ነው ያነበብኩልሽ!»

«ቀዛፊዋንም እንዳለ ነበር ያነበብሽልኝ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ታኅሣሥ 21

ታይፒስቷን አስጠራቻት። «መነጽርሽን ይዘሽ ነይ» ብላ። ወረቀት ያለበትን ካርቶን በሙሉ አልጋው ላይ አስገለበጠች። የሐኪሙን፣ የላቦራቶሪውን፣ የመብራት ክፍያ ማስጠንቀቂያውን ሳይቀር።

ማድቤት ቆሜ ሰማሁ። ታይፒስቷ ታነባለች፣ እትዬ «ቀጥይ» ትላለች። እኔ ካነበብኩላት አንድም ቃል አልተለየም። የሐኪም ወረቀት ሲነበብ ሳይሆን ፍርድ ሲነበብብኝ ነበር የሚመስለው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለቻት። ለኔ ምንም።

መርፌውን ትናንትም ዛሬም አልተወጋችም። ሚጡ አታናግረኝም። «ነግሬሽ ነበር» ብላ አንዴ ብቻ።

ታኅሣሥ 23

ዛሬ እረፍቴ ነው። ጠዋት ከአልጋዋ ተጣራች።

«መጽሐፉን አምጪ። ስልክሽንም።»

አመጣሁ።

«ተቀመጪ። እዚህ፣ ጆሮዬ ሥር። ጣቴን የምታነቢው ገጽ ላይ አድርጊልኝ።»

«እትዬ…»

«ሰውዬው የጠየቀሽን ነው የምታደርጊው። እኔ እያለሁ።»

ስልኩን ከፈትኩ። አነበብኩ። ገጽ ስገልጥ ጣቷን ታነሳና እንደገና ታስቀምጠዋለች። መቅዘፊያው ጋ ስደርስ ቆምኩ። በክርኗ ጎሸመችኝ። ቀጠልኩ። ውሃው ወሰዳት። ጀልባዋ ደረሰች። አለቀ። ስልኩን ዘጋሁ።

ከውጭ አንዱ ጎማ ያንከባልላል። 

«ባዶዋን ደረሰች?»

«ባዶዋን።»

«ሰዎቹ ቆመው ያያሉ?»

«ቆመው።»

«እርጉሞች» አለች።  «እሷስ ብትሆን? በዚያ ጎርፍ ማን ግቢ አላት?»

አለቀሰች፣ ትንሽ። እኔም። በቃ፣ አለቀልን፣ ካሁን በኋላ ማን ያስወጋታል እያልኩ ነው በልቤ። አፍንጫዋን በመሀረቧ ጠረገች።

«እሷ ሞተች። እኔ ምን ቤት ነኝ? አምጪው መርፌውን።»

ሳላምናት ቆሜ ቀረሁ።

«አልሰማሽም? ደንቁረሻል ደግሞ? አምጪው እንጂ!» ከተወጋች በኋላ ያዘችኝ። እጇ ይጨምቃል፣ ጠንካራ ነው። «ካሁን በኋላ ከአፍሽ የሆነ ነገር ካለ ‹ከአፌ ነው› በይኝ። እሰማዋለሁ። ግን በይኝ።»

ጥር 3

ኮፒ ቃሉን ጠብቋል። አዲሱን በትኖታል፣ ገና ሳምንት ሳይሞላ ሁሉም ጋ ደርሷል።

ጠዋት አለቃዬ እየተበሳጨች ገባች። «ሰማሽ? የቀዛፊዋን ታሪክ አበላሽተው አወጡት! ገደሏት! በድምፅ ያቺን አንባቢ የምትመስል አምጥተው ነው ያስነበቡት። ሌቦች!»

«እኔ ነኝ ያነበብኩት» አልኳት።

«የትኛውን?»

«ሁለቱንም።»

ካልሲ የያዘ ቅርጫት ከእጇ ወደቀ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ከጎኗ ቆሜ ስተኩስ የማን ድምፅ እንደሆነ ልብ አላለችም! እኔስ መች አውርቼ አውቃለሁና።

«እና እውነተኛው የትኛው ነው?»

«የምትሞትበት።»

«አይ» አለች። «እሱ አይደለም።» ማስረዳት ሞከርኩ። መጽሐፉን አሳየኋት። «መጽሐፉም ተሳስቶ ይሆናል» አለችኝ!

ስመለስ አውቶቡስ ላይ ሹፌሩ መሀሉ ላይ አጠፋው። «ፎርጅድ ነው» አለ። «ኦርጅናሉ ላይ አትሞትም።» ሰው ሁሉ ተስማማ።

ጉድ ነው። አሁን ለሽማግሌው ምን ልለው ነው?

ጥር 4

ደወልኩለት። እንደሚቆጣ አውቄ፣ ቆሜ።

«ፎርጅድ?» አለ። «የኔን?»

«አዎ።»

 ከዚያ ሳቅ… እስኪያስለው ሳቀ። ሲበርድለት ግን ድምፁ ሌላ ነበር። «መልሰሽልኛል። ባይቀበሉትም አንቺ መልሰሽልኛል» አለኝ። ሳቁም ንግግሩም አስደነገጠኝ።  «ደህና ይዋሉ» ብዬ ዘጋሁ።

ጥር 12

እትዬ ጠዋት መርፌዋን ራሷ ወጋች። መጠኑን በጣቷ እየዳሰሰች ቆጠረች፣ እኔ ቆሜ አየሁ። ከዚያ፦ «ሰውዬው ሌላ መጽሐፍ የለውም?»

ሚጡ ቶሎ ብላ «አለው፣ እኛ ጋ…» ብላ ጀመረችና አየችኝ።  ሳቋ መጣ።

ምሳ ሰዓት መደብሩ ሄጄ ገዛሁት። አልከፈትኩትም። ከሥራ ስመለስ እትዬ አጠገብ ቁጭ ብዬ ደወልኩለት። 

«ሁለተኛ መጽሐፍዎን ለእህቴ ላነብላት ነው። ጮክ ብዬ፣ እየቀዳሁ። ይፈቅዱልኛል?»

«ፈቃድ ነው የምትጠይቂኝ?»

«አዎ።»

«ከዚያ ያ ሰውዬ ጋ ይደርሳል።»

«ፍላሽ መሙላት የእህቴ ልጅ አሳይታኛለች፣ ከቤት አይወጣም። ግን ዋስ አልሆንም። እንቢ ካሉኝ አልቀዳም። ፊቷ ተቀምጬ አነባለሁ፣ ቢደክመኝም።»

  ወንበር የሚጎትት ድምፅ።

«አንብቢ» አለ። «ግን ቀድሜ ልንገርሽ። እዚህኛውም ላይ ሰው ይሞታል።»

ስልኩን በእጄ ሸፈንኩት። «እትዬ፣ እዚህም ሰው ይሞታል እያሉ ነው።»

«ማን?»

«አልነገሩኝም።»

ትራሷን አስተካከለች። «ይሙት!» አለች። «አንብቢ።»